የሚንቀሳቀስ ትዕይንትን በፓኖራማ ማንሳት፦ ከዘዴ መረጣ እስከ ስፌት

የቆመ ተራራን በስምንት ፍሬም አንስተው ያለ ችግር የሚያጋጥሙ ሰዎች፣ ያንኑ ካሜራና ያንኑ ሶፍትዌር ይዘው ሕዝብ ወደሚተላለፍበት አደባባይ ሲወጡ እግር የሌለው ሰው፣ ሁለት ቦታ የታየ አንድ መኪና ወይም መሃሉ ላይ የተሰበረ ማዕበል ይዘው ይመለሳሉ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሶፍትዌሩ አይደለም። ፓኖራማ በተለያየ ቅጽበት የተነሡ ፎቶዎች የተሰፉበት ሥራ ስለሆነ፣ በሁለት ፍሬሞች መካከል ቦታውን የለወጠ ነገር ስፌቱ ላይ ከዋለ ይቆረጣል፤ ከስፌቱ ርቆ ከዋለ ግን ምንም አይነካውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ስፌቱ በየት በኩል ይለፍ? ይህን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሳይሆን ካሜራው ከመከፈቱ በፊት መወሰን ያስፈልጋል።

በዚህ መመሪያ «ፍሬም» ማለት አንድ ፎቶ ነው። «የጋራ ክፍል» ሁለት ጎረቤት ፍሬሞች ሁለቱም የያዙት የትዕይንቱ ክፍል ሲሆን፣ «ስፌት» ደግሞ በዚህ የጋራ ክፍል ውስጥ አንዱ ፍሬም አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት መስመር ነው።

ደረጃ 1፦ እንቅስቃሴውን ይመርምሩ

ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጡ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ፤ የሚከተሉትንም ለይተው ይወቁ።

1. የሚንቀሳቀሰው ነገር ከትዕይንቱ ምን ያህሉን ይሸፍናል? ከአንድ ሕንፃ ፊት የሚያልፉ ጥቂት ሰዎችና ከዳር እስከ ዳር የሚናወጥ ባሕር ፈጽሞ የተለያየ ዘዴ ይጠይቃሉ።

2. ወዴት ይሄዳል? በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ በሁለት አቅጣጫ ነው ወይስ ያለ ሥርዓት?

3. ከእርስዎ ምን ያህል ይርቃል? ለካሜራው ዋናው ጉዳይ ነገሩ በሰከንድ የሚሸፍነው ማዕዘን ነው። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው ከ10 ሜትር ርቀት ሲታይ በሰከንድ 8 ዲግሪ ያህል ይጓዛል፤ ያው ሰው ከ50 ሜትር ሲታይ የሚጓዘው 1.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ቦታው ከፈቀደ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ውድ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል።

4. የማይንቀሳቀሰው የቱ ነው? ምሰሶ፣ የግድግዳ ጥግ፣ የዛፍ ግንድ፣ ማንም የማይረግጠው የመሬት ክፍል፣ እነዚህን ከግራ ወደ ቀኝ ቆጥረው በልብዎ ይያዙ። ስፌቶችዎ የሚያርፉት እነዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ዘዴውን ይምረጡ

ሀ. ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ

የወፍ መንጋ፣ የሚጨፍር ሕዝብ ወይም በመሃል ሜዳ ላይ ያለ ጨዋታ ከሆነ መስፋት አይሞክሩ። ስፌት የሚያርፍበት የቆመ ነገር ስለሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። ሰፊ ሌንስ ገጥመው አንድ ፍሬም ብቻ ያንሱ፤ ከዚያም ከላይና ከታች ቆርጠው ረጅም ቅርጽ ይስጡት። 6000 በ4000 ፒክሰል የሆነ ፎቶ በ3 ለ1 ሲቆረጥ 6000 በ2000 ይቀራል፤ ይህም 12 ሜጋፒክሰል ነው፤ በኢንች 300 ፒክሰል ቢታተም 50 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ብዙዎች ይህን ዘዴ «እውነተኛ ፓኖራማ አይደለም» ብለው ይንቁታል። እኔ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ትዕይንት ከሁሉ በፊት የምመርጠው ይህን ነው፤ ቅጽበቱ አንድ ስለሆነ በሰዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት፣ ማን ማንን እንዳየ ጭምር፣ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ለ. አንድ ወይም ጥቂት ዋና ነገሮች ብቻ ሲንቀሳቀሱ

ይህ በብዛት የሚያጋጥም ሲሆን በመስፋት ጥሩ ውጤት የሚገኝበትም ነው። ፈረሰኛው፣ ጀልባው ወይም ብስክሌተኛው ሙሉ በሙሉ በአንድ ፍሬም መሃል እንዲገባ አድርገው ያንን ፍሬም አስቀድመው ያንሱ። ይህ «ዋናው ፍሬም» ነው። የቀረው ትዕይንት የቆመ ስለሆነ ሌሎቹን ፍሬሞች ተረጋግተው በግራና በቀኙ ይሞላሉ። አብዛኞቹ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ከግራ ጫፍ ጀምረው በተራ ሲያነሱ ነው፤ ዋናው ነገር የሚያልፍበት ቅጽበት ካሜራው ሌላ አቅጣጫ ሲያይ ያመልጣቸዋል፣ ወይም በሁለት ፍሬሞች የጋራ ክፍል ላይ ይወድቅባቸዋል።

ሐ. እንቅስቃሴው የማይቋረጥ ሆኖ ሰዎቹ እንዲታዩ ሲፈለግ

ለእያንዳንዱ የካሜራ አቅጣጫ አንድ ፎቶ ሳይሆን ከአምስት እስከ አሥር ፎቶ ያንሱ። በኋላ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ በጋራው ክፍል ላይ ሰው የሌለበትን ወይም ሰዉ ሙሉ ሆኖ የሚታይበትን መርጠው ይሰፋሉ። ትራይፖድ ግዴታ ነው። ካሜራዎ ቪዲዮ በ3840 በ2160 ፒክሰል የሚቀዳ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ አሥር ሰከንድ ቀድቶ ፍሬም ማውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬም ከ8 ሜጋፒክሰል ጥቂት ብቻ ያልፋል፣ የሹተሩንም ፍጥነት ወደ 1/500 ሰከንድ ካላሳደጉት የሚወጣው ፍሬም የደበዘዘ ይሆናል።

መ. እንቅስቃሴው እንዲጠፋ ወይም እንዲለሰልስ ሲፈለግ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ገጥሞ ሹተሩን ለረጅም ጊዜ መክፈት ነው። በደማቅ ፀሐይ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና በኤፍ (የሌንሱ መክፈቻ መጠን) 16 ተገቢው ፍጥነት 1/100 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን፣ ብርሃኑን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀንስ ባለ 10 ስቶፕ ፊልተር ሲገጠም ወደ 10 ሰከንድ ያድጋል። በዚህ ጊዜ ማዕበሉ እንደ ጭጋግ ይለሰልሳል፤ ስፌቱ የሚቆርጠው ጠርዝም አይኖረውም። ሁለተኛው መንገድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ9 እስከ 15 ፎቶ አንስቶ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ፒክሰል መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ሚዲያኑን እንዲወስድ ማድረግ ነው። ይህ የሚሠራው እያንዳንዱ ቦታ ከፎቶዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ባዶ ሆኖ ከታየ ብቻ ነው። ስለዚህ በፎቶዎቹ መካከል ሰው ከቆመበት ፈቀቅ እስኪል በቂ ጊዜ ይስጡ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በሁለቱም መንገድ አይጠፋም።

ሠ. የስልክ ፓኖራማ

ስልክ ሲዞር ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ቀጫጭን ሰንጥቆችን እየያዘ ያያይዛል። ከስልኩ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነገር ይለጠጣል፣ በተቃራኒው የሚሄድ ይጨመቃል። ሌላ ካሜራ ከሌለዎት የሚንቀሳቀሰው ነገር ከሩቅ ሲሆን ብቻ ይጠቀሙበት።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ያዘጋጁ

የሌንስ ምርጫ

የሚሰፋ ፓኖራማ በሚንቀሳቀስ ትዕይንት ላይ ሲሆን የፍሬም ቁጥር መቀነስ ይበጃል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍሬም ተጨማሪ ስፌትና ተጨማሪ ጊዜ ነውና። ሙሉ ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር ሴንሰር ያለው ካሜራ በቁመት ተይዞ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 27 ዲግሪ፣ በ35 ሚሊሜትር 38 ዲግሪ፣ በ24 ሚሊሜትር ደግሞ 53 ዲግሪ ያህል በጎን ይይዛል። የጋራው ክፍል 40 በመቶ ቢሆን፣ 180 ዲግሪ ለመሸፈን በቅደም ተከተል 11፣ 8 እና 5 ፍሬም ያስፈልጋል። ለቆመ ትዕይንት ከ25 እስከ 30 በመቶ የጋራ ክፍል ይበቃል፤ ለሚንቀሳቀስ ግን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይስጡ። የጋራው ክፍል በሰፋ ቁጥር ስፌቱ ከሚንቀሳቀሰው ነገር የሚሸሽበት ቦታ ያገኛል።

የመዞሪያውን ነጥብ ማስተካከል

ካሜራው በሌንሱ ውስጥ ብርሃን በሚገባበት ነጥብ ላይ ካልዞረ፣ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ ጋር ሲነጻጸር ቦታውን ይለውጣል። ቅርብ ነገር በሌለበት ሜዳ ይህን መዝለል ይቻላል። በትዕይንቱ ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት ሜትር የሚቀርብ አጥር፣ ምሰሶ ወይም ሰው ካለ ግን አይዝለሉት፤ ከእንቅስቃሴ የመጣውን ስሕተትና ከመዞሪያ ነጥብ የመጣውን ስሕተት በኋላ መለየት ያስቸግራልና።

1. ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት ሐዲድ ላይ በማድረግ ትራይፖዱ ላይ ይግጠሙ።
2. አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቀጭን ዘንግ ይትከሉ፤ ከሩቅ ምሰሶ ጋርም በመስመር እንዲሆን ያድርጉ።
3. ካሜራውን ወደ ቀኝ ያዙሩ። ዘንጉ ከምሰሶው ወደ ግራ ከሸሸ ካሜራው ወደ ፊት በዝቷል፤ ወደ ኋላ ይሳቡት። ወደ ቀኝ ከሸሸ ወደ ፊት ይግፉት።
4. ሲዞር ሁለቱ ካልተላቀቁ በሐዲዱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህ ምልክት ለዚያ ሌንስና ለዚያ ዙም ብቻ ያገለግላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው በሚተላለፍበት ቦታ የትራይፖዱን እግሮች ከመንገዱ ውጭ ያድርጉ፤ የሚቻል ከሆነም አጠገብዎ የሚቆም ሰው ይኑር። ዓይንዎ መመልከቻው ላይ ሳለ ከኋላዎ የሚመጣውን አያዩም።

ደረጃ 4፦ ካሜራውን ይቆልፉ

1. ወደ ማንዋል ይቀይሩ። መብራቱን ከትዕይንቱ በጣም ብሩህ በሆነው ክፍል ላይ ለክተው፣ ያ ክፍል እንዳይቃጠል አድርገው ይወስኑና ከዚያ በኋላ አይንኩት።

2. የሹተር ፍጥነቱን በደረጃ 1 ባዩት ማዕዘን ያሰሉ። ከ10 ሜትር በሰከንድ 8 ዲግሪ የሚጓዘው ሰው፣ 27 ዲግሪው በ4000 ፒክሰል በተያዘ ፍሬም ላይ በ1/250 ሰከንድ ውስጥ 5 ፒክሰል ያህል ይደበዝዛል፤ በ1/500 ሰከንድ ወደ 2.5 ይወርዳል። ለእግረኛ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚሮጥ ሰው ወይም ለቅርብ ተሽከርካሪ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ይጠቀሙ። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን ከፍ ያድርጉ። አይኤስኦው ሲጨምር በፎቶው ላይ የሚወጣ ጥቂት ቅንጣት ከድብዝዝ ሰው ይሻላል።

3. መክፈቻውን ኤፍ 8 አካባቢ ያድርጉ። ብዙ ሌንሶች በዚህ መጠን ላይ የጠርዝ መጨለማቸው ስለሚቀንስ ሰማዩ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር ሰንበር አይወጣም።

4. ፎከሱን በእጅ አስተካክለው አውቶ ፎከሱን ያጥፉ።

5. ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በአንድ ቁጥር ላይ ያቁሙ፤ ፎቶውንም በራው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ ያስቀምጡ።

6. የፖላራይዘር ፊልተር ያውልቁ። ሰማዩን የሚያጨልመው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሆነው አቅጣጫ ላይ አብልጦ ስለሆነ፣ ሰፊ ፓኖራማ ላይ አንዱ ወገን ጠቁሮ ሌላው ፈዞ ይቀራል።

7. የኤሌክትሮኒክ ሹተርን ትተው መካኒካሉን ይምረጡ። ብዙ ካሜራዎች በኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩን በመስመር በመስመር ስለሚያነቡ ፈጥኖ የሚያልፍ መኪና ያጋድላል።

ደረጃ 5፦ ያንሱ

1. ከሁሉ በፊት ባለዎት ሰፊ ሌንስ መላውን ትዕይንት በአንድ ፍሬም አንስተው ያስቀምጡ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

2. ትራይፖዱን በውሃ ልክ አስተካክለው ካሜራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሳያነሱ ያዙሩት። የየፍሬሙ ድንበር የት እንደሚወድቅ እያዩ፣ የጋራው ክፍል በደረጃ 1 ከመረጡት የቆመ ነገር ላይ እንዲያርፍ ጥቂት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ያስተካክሉ። ፍሬሞቹ እኩል ርቀት እንዲኖራቸው ግዴታ የለም፤ የጋራው ክፍል ከ30 በመቶ እስካላነሰ ድረስ አንዱ ሰፋ ሌላው ጠበብ ቢል ሶፍትዌሩ አይቸገርም።

3. ዋና ነገር ካለ፣ ዋናውን ፍሬም አንስተው ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ይሂዱ።

4. ዋና ነገር ሳይኖር ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ከሆነ፣ ከጉዞው በተቃራኒ ያንሱ። ይህ ነጥብ በብዛት ስለሚዘለል ላብራራው። ሰዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ እንበል። እርስዎም ከግራ ወደ ቀኝ ካነሱ፣ አሁን ያነሱት ሰው ከካሜራው ጋር እየተጓዘ በቀጣዩ ፍሬም ውስጥ እንደገና ይገባል፤ ፍጥነታችሁ ከተቀራረበ አንድ ሰው ሦስት አራት ቦታ ይታያል። ከቀኝ ወደ ግራ ካነሱ ግን የተነሣው ሰው ካሜራው ትቶት ወደሄደው ወገን ስለሚሸሽ ዳግመኛ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። በመሃል ሳይነሣ የሚያልፍ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የጎደለን ሰው ተመልካች አያውቀውም፣ የተደገመን ሰው ግን ወዲያው ያየዋል።

5. እንቅስቃሴው በሁለት አቅጣጫ ከሆነ፣ በጣም የሚጨናነቀውን የጋራ ክፍል የሚይዙትን ሁለት ፍሬሞች በተከታታይ፣ በተቻለ ፍጥነት ያንሱ። የቀሩትን ቀስ ብለው ይቀጥሉ።

6. ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ብዙ ፎቶ የሚያነሱ ከሆነ፣ አንዱ አቅጣጫ ሲያልቅ እጅዎን ከሌንሱ ፊት አድርገው አንድ ፎቶ ያንሱ። በኋላ መቶ ፎቶ ሲደረድሩ አቅጣጫዎቹን የሚለይልዎት ይህ ነው።

7. ለማዕበል፣ ሞገዱ ከተሰበረ በኋላ ውሃው ጋደም የሚልበትን ጊዜ ጠብቀው ያንሱ። የጋራው ክፍል አረፋ ላይ ሳይሆን አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ይዋል።

ደረጃ 6፦ ከቦታው ሳይነሱ ይፈትሹ

በካሜራው መስኮት ላይ የጋራ ክፍሎቹን ብቻ እያጎሉ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ «ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይነካ መስመር ማስመር እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መስመሩ ቀጥ ያለ እንዲሆን ግዴታ የለም፤ ሊጠማዘዝ ይችላል። መልሱ አይደለም ከሆነ ያንን አቅጣጫ አሁኑኑ ይድገሙት፤ ቤት ከገቡ በኋላ የሚታደገው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ደረጃ 7፦ ይስፉ

ላይትሩም ፍሬሞቹን በራሱ ያያይዛል እንጂ ስፌቱ በየት ይለፍ ብሎ ማዘዣ ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሁጂን በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ፒቲጂዩአይ ደግሞ የሚከፈልበት ነው፤ ሁለቱም በማስክ፣ ማለትም ከፍሬሙ የሚገባውንና የሚቀረውን በሚለይ ሽፋን፣ ያሠራሉ። በፎቶሾፕም ፍሬሞቹን በየሌየሩ (በተደራረቡ ንብርብሮች) አስተካክሎ ማስኩን በእጅ መሳል ይቻላል።

1. የራው ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅንብር ይቀይሩ። አንዱን ፍሬም ብቻ ማንጣት ስፌት ያጋልጣል።

2. ሶፍትዌሩ ፍሬሞቹን ለማያያዝ የመረጣቸውን የመገናኛ ነጥቦች ይክፈቱ። በደመና፣ በመኪና፣ በሰው፣ በቅጠልና በማዕበል ላይ የተቀመጡትን በሙሉ ያጥፉ። ሰው የተንቀሳቀሰውን ያህል መላው ሕንፃ እንዲያጋድል የሚያደርጉት እነዚህ ነጥቦች ናቸው። በየጥንዱ በቆመ ነገር ላይ ያሉ አሥር ያህል ጥሩ ነጥቦች ቢቀሩ ይበቃል።

3. ስፋቱ ከ100 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ሲሊንደራዊ ትንበያ፣ ማለትም ትዕይንቱን እንደ ጥቅል ወረቀት ላይ የሚዘረጋውን ስልት፣ ይምረጡ። በጠፍጣፋው ትንበያ ዳር ላይ ያሉ ሰዎች ይሰፋሉ።

4. ማስክ ይሳሉ። በሁለቱም ሶፍትዌሮች ቀይ ማስክ «ይህ አይግባ»፣ አረንጓዴ ማስክ «ይህ የግድ ይግባ» ማለት ነው። ዋናው ሰው ባለበት ፍሬም ላይ ሰውየውን ከነጥላው በአረንጓዴ ይሸፍኑ። በጎረቤት ፍሬም ላይ ያው ሰው ከታየ በቀይ ይሸፍኑት። ጥላ መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ባለቤት የሌለው ጥላ መሬት ላይ ይቀራል።

አንድን ቦታ በሁሉም ፍሬሞች ላይ በቀይ አይሸፍኑ፤ ቀዳዳ ይሆናል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሲታይ

ከሁለቱ ፍሬሞች በአንዱ ላይ በቀይ ማስክ ያጥፉት። የሚያጠፉት ከጋራው ክፍል ውጭ ከሆነ ግን ከኋላው የሚሞላ ፎቶ የለም፤ ያኔ የቆመ መሬት ወይም ግድግዳ ከአጠገቡ ቀድቶ በፎቶሾፕ መሸፈን ብቻ ይቀራል።

ሰው ሲቆረጥ

መጀመሪያ የትኛው ፍሬም ሙሉውን እንደያዘው ይፈልጉና እዚያ ላይ አረንጓዴ ያድርጉ። በአንዱም ላይ ሙሉ ካልሆነ፣ በሁለቱም ላይ ያለውን ቁራጭ ያጥፉት፤ ግማሽ ሰው ለማዳን የሚባክነው ሰዓት አያዋጣም።

የማዕበሉ መስመር ሲሰበር

ስፌቱን ወደ ጸጥ ያለ ውሃ የሚያዞር ማስክ ይሳሉ። አሁንም ካልሸሸ፣ በፎቶሾፕ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ሰፊ ብሩሽ ሁለቱን ሌየሮች ያዋሕዱ፤ ለስላሳ ጠርዝ ለውሃና ለደመና ይሠራል፣ ለሰው ግን አሳላፊ አካል ይፈጥራል።

በመሃል ደመና ፀሐይን ሲሸፍን

የጨለሙትን ፍሬሞች ማንጣት ጥላዎቹን አይመልስም፤ የጠፋ ጥላ በብሩህነት አይመጣም። ቦታው ላይ ሳሉ ካስተዋሉ ያቁሙና ፀሐይ ስትመለስ ከመጀመሪያው ፍሬም ይጀምሩ።

አድማሱ ሲወዛወዝ

ይህ ከእንቅስቃሴ አይመጣም፤ ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዘንብሎ ስለነበር ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ በሕንፃ ጠርዞች ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ምልክት አድርገው እንደገና እንዲያሰላ ይዘዙት።

ምንም ሳይሳካ ሲቀር

በደረጃ 5 መጀመሪያ ያነሱትን ሰፊ ፍሬም ይክፈቱ፣ በ2 ለ1 ወይም በ3 ለ1 ይቁረጡት፣ እርሱን ይጠቀሙ።